ቋሊማ ለቲቸር ይርገዱ

ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ መስኮቱን ሲደበድበው፣ ዘውገን ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰደውና ሕልም አየ። የቀን ሕልም ሕልም አይደለም የሚሉ ሰዎች አሉ። እንዲህ የሚሉት እንደ ዘውገ ያለ ሕልም አይተው ስለማያውቁ ነው።

ሕልሙን ከመናገሬ በፊት ሰውየው በዚያ ሰዓት ሶፋ ላይ ምን ያደርግ እንደነበር ልንገራችሁ። ድስት ይጠብቅ ነበር። ዘውገ ዕድሜውን ሙሉ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የጎንደርንና የጅማን መንገድ ጉድጓድ በጉድጓድ ያውቀዋል። ከሳሎኑ ወደ ገዛ ኩሽናው የሚወስደውን መንገድ ግን እስከዚህ ሳምንት ድረስ አያውቀውም ነበር። ኩሽናው የይርገዱ ነው። ይርገዱ ሚስቱ ናት፤ አስተማሪ ስለነበረች የኮንዶሚኒየሙ ሰው በሙሉ ቲቸር ይላታል። ዘንድሮ እሷም ጡረታ ወጣች። ትምህርት ቤቱ በሸኛት ቀን እንኳ የሚቆረሰውን ድፎ ዳቦ ራሷ ጋግራ፣ ራሷ ተሸክማ፣ ራሷ ቆርሳ አድላ ነው የተመለሰችው። ለራሷ ደርሷት እንደሆነ ዘውገ ሲጠይቃት ትንሽ አሰበችና፣ ረስቼው ነው አለች።

ዘውገ ያን ቀን የኋላውን ሁሉ መለስ ብሎ አሰበ። ክርስትናውም ምርቃቱም ለቅሶውም በመጣ ቁጥር ይህች ሴት አብስላ፣ አቅርባ፣ የተረፈውን ቆማ ስትበላ ነው የኖረችው። እሱ ደግሞ ወይ መንገድ ላይ ነው ወይ ሶፋ ላይ። ስለዚህ ወሰነ። ለእሑድ ምሳ ጎረቤቱን ጠራ። እሱ ያበስላል፤ እሷ ትቀመጣለች፤ የመጀመሪያዋን ጉርሻ በገዛ እጁ ያጎርሳታል። ከዚህ ሌላ ከዓለም የሚፈልገው ነገር አልነበረም።

ምግቡን የመረጠችለት ሐዋሳ ሆቴል ውስጥ የምትሠራው ልጁ ሳምራዊት ናት። በዝግታ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ላከችለትና ድስት ነክቶ ለማያውቅ ሰው የሚሆን ነገር በስልክ አስረዳችው። ቋሊማውን ቆራርጦ መጨመር፣ ማርማላታ መገልበጥ፣ አዋዜ፣ የቲማቲም ድልህና ትንሽ ሰናፍጭ ማከል፣ ከድኖ መተው። ሲበስል ስቴኪኒ እየሰኩ ማቅረብ። ክዳኑን ግን እንዳትከፍት ብላ ደጋግማ አስጠነቀቀችው። ዘውገ ሥጋ ላይ ማርማላታ ሲፈስ በሕይወቱ አይቶ አያውቅም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የገለበጠው። ድስቱ ዝግተኛ ስለሆነ ቅዳሜውኑ ይብሰል፣ ነገ ማሞቅ ብቻ ይሆናል ብሎ ከጠዋት ጀምሮ ጣደው። ይርገዱን ሳሪስ እህቷ ጋ እንድትውል ገፋፍቶ ሰደዳት። ምን ልትሠራ ነው ላለው ጎረቤት ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፤ እሑድ ታያላችሁ። ከዚያ ሶፋው ላይ ተቀመጠ፤ የቀረውን ነግሬያችኋለሁ።

በሕልሙ ክዳኑን ከፈተ።

ከድስቱ ውስጥ ሙሉ ልብስ የለበሰ ቋሊማ ብቅ አለና ብርድ አስገባህብን ብሎ ተቆጣው። ዘውገ ይቅርታ ጠየቀ። ቋሊማው እጁን ይዞ በደረጃ ወደ ታች አወረደው። ድስቱ ውስጥ ሲደርሱ የዘውገ የራሱ ሳሎን ነበር። በሩ ግን ተዘግቷል። ዘውገ የገዛ በሩን አንኳኳና "ቤቶች!" አለ። እንግዶቹ ከውስጥ ከፈቱለት፤ ግባ፣ ግባ፣ ምነው ጠፋህ እያሉ አገላብጠው ሳሙት።

በዚያ አገር የሚበላው ጋባዡ ነው። እንግዶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው ሽር ጉድ ይላሉ። አንዱ እጁን አስታጠበው፣ አንዱ ትራስ ደገፈለት። አራተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ዳሳሽ፣ በውን የትም ቤት ሄደው ከአንድ ጉርሻ በላይ የማይነኩት ሴትዮ፣ ሳህን ይዘው በሳሎኑ ዙሪያ አባረሩት።

"በሞቴ፣ ይቺን ብቻ።"

"በልቻለሁ እኮ፣ እትዬ።"

"ምኑን በላኸው? ነካ ነካ አድርገህ ተውከው።"

ዘውገ ሆዱ እስኪወጠር ጎረሰና መጨረሻ ላይ ድፍረት አግኝቶ፣ የጠራኋችሁ እኔ ነኝ፣ እባካችሁ እናንተ ብሉ አለ። አንዲት ሴት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እትዬ ዳሳሽ ሳህኑን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ሰው ቤት በእንግድነት መጥተን እንብላ? ምን በደልንህ? አሉት። ዘውገ በጣም አፈረ።

ቋሊማዎቹ በበኩላቸው የክብር ቦታ ይዘው ተቀምጠዋል። እግር የላቸውም፤ ግን እግራቸውን አነባብረዋል። ስቴኪኒያቸውን እንደ ከዘራ ተደግፈው ስለ ዝናቡ ያወራሉ። አንዱ ዘውገን ጠራውና፣ ሽማግሌዎች እየጠበቁህ ነው፣ ቶሎ በል አለው። ከዚያ አፉን ያዝ አደረገና ይቅርታ ጠየቀ። ቶሎ የሚለው ቃል በዚያ አገር ስድብ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ጓዳ ነበሩ። የሽማግሌዎቹ አለቃ የሰናፍጭ ጠርሙስ ነው፤ ጢሙ ቢጫ፣ ንግግሩ አፍንጫ የሚሰረስር። በዚያ አገር ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ባለ ቤቶቹ ይቆማሉ። በአንድ ወገን የማርማላታ ዘመዶች፣ በሌላ ወገን የአዋዜ ዘመዶች ቆመዋል። የማርማላታ አባት፣ ልጄን እንደ ዓይኔ ብሌን ነው ያሳደግኳት፣ ለሚያቃጥል ሰው አልሰጥም ይላሉ። የአዋዜ እናት ደግሞ፣ የእኔም ልጅ የወንድ ልጅ ወኔ ያለው ነው፣ ሲጣበቅ እንዲኖር አልፈልግም ይላሉ። አማላጅ ሁሉ ቢለምን አልሆነም።

ሰናፍጩ ወደ ዘውገ ዞረ። "ያስተዋወቅካቸው አንተ ነህ። ጣፋጭና የሚያቃጥል ባንድ ድስት ይኖራሉ?"

ዘውገ የድሮው ትዝ አለው፤ ከመንገድ ሲመለስ በአቧራው፣ በጎማው፣ በትራፊኩ ተናድዶ እንደ እሳት እየተንቦገቦገ ቤቱ ይገባ ነበር። ይርገዱ አንድ ቃል አትመልስለትም። ለእግሩ ውሃ ታሞቅለትና ተማሪዎቿ ያን ቀን የሠሩትን ጉድ እየነገረች ታስቀዋለች። ሳይታወቀው ይበርድ ነበር።

"በዝግታ ከሆነ ይኖራሉ" አለ።

ጓዳው በእልልታ ተናወጠ። የማርማላታ አባትና የአዋዜ እናት ተቃቅፈው ተላቀሱ፤ ሲለያዩ ሁለቱም ቀልተው ነበር። ለዘውገም ስለ ውለታው አንድ ስቴኪኒ የተሰካበት፣ እንፋሎቱ የሚትጎለጎል ቋሊማ ሰጡት። ሚስትህን አጉርስበት አሉት። የት ናት ብሎ ጠየቀ። ከሳሎኑ ማዶ፣ ትምህርት ቤት ናት አሉት። ዘውገ ማዶውን ቢያይ ሳሎኑ አያልቅም። በአውቶቡስ ካልሆነ የሚደረስበት አልነበረም።

አውቶቡሱ የራሱ አሮጌ አውቶቡስ ነበር። መሪ የያዙት ግን ተሳፋሪዎቹ ናቸው፤ እያንዳንዱ የየራሱ መሪ አለው፤ መሪ የሌለው ዘውገ ብቻ ነው። ረዳቱ በር ላይ ቆሞ፣ ውረዱልን፣ ውረዱልን፣ ባዶ ነው የምንሄደው እያለ ይለምናል። አውቶቡሱ እንደ ድስቱ በትንሹ እሳት ነበር የሚሄደው። አንድ ቀንድ አውጣ ጥሩንባውን ነፍቶ ቀደማቸው። ዘውገ አላስቻለውም። ቋሊማው እየቀዘቀዘበት ነው። ወደ ፊት ሮጠና ባዶውን የሹፌር መቀመጫ ይዞ ነዳጁን ረገጠ።

ወዲያው ፊሽካ ተነፋ። ነጭ ጓንት ያጠለቀ አህያ መንገዱ መሃል ቆሞ እጁን ዘርግቷል። ዘውገ መንጃ ፈቃዱን ሊያወጣ ኪሱን ሲዳብስ አህያው ራሱን ነቀነቀ።

"ፈቃድ አልጠየቅሁህም። ለምን እንደቸኮልክ ብቻ ንገረኝ።"

"ሚስቴን ላጎርስ ነው። እንዳይቀዘቅዝ።"

"ከተጋባችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ?"

"ሠላሳ ምናምን ዓመት።"

"በመካከል አጉርሰሃታል?"

በሠርጋቸው ቀን አጉርሷታል። እሱንም ፎቶ አንሺው አዝዞት ነው፤ ፎቶ አንሺው አልጠራልኝም ስላለ ሁለቴ።

አህያው ረጃጅም ሽፋሽፍቱን አርገበገበና በለሆሳስ "ታዲያ ዛሬ ምን አስቸኮለህ?" አለው።

ዘውገን እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀው ትራፊክ አጋጥሞት አያውቅም። ለሌሎቹ ሁሉ መልስ ነበረው። አህያው አዘነለት መሰለኝ፣ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና አንድ ኩንታል ጤፍ ጀርባው ላይ ጫነበት። ከኋላው ሾጥ እያደረገም ወደ ትምህርት ቤቱ ነዳው። ዘውገ ጎንበስ ብሎ፣ ጤፉን ተሸክሞ፣ ስቴኪኒውን በሁለት ጣቱ ከፍ አድርጎ ይዞ ሄደ። መንገድ ላይ ያገኙት አህዮች ሁሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ ምን ዓይነት ታታሪ ሰው ነው ተባባሉ።

ትምህርት ቤቱ ሲደርስ ልጆች ሰሌዳው አጠገብ ቆመው ያስተምራሉ፤ አስተማሪዎች ዴስክ ላይ ተቀምጠው ይማራሉ። ይርገዱ የመጀመሪያው ዴስክ ላይ ነበረች። ሰማያዊ የዩኒፎርም ሹራብ ለብሳለች፤ ጉልበቷ ከዴስኩ በላይ ወጥቷል። ጥርሷ የወለቀ አንዲት ልጅ በጠመኔ የትምህርቱን ርዕስ ሰሌዳው ላይ ጻፈች። ርዕሱ መቀመጥ የሚል ነበር።

ፈተናው የቃል ነው። ልጅቷ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ትጠይቃለች፤ ይርገዱ ብድግ እያለች ትመልሳለች። ብድግ ባለች ቁጥር ማርክ ይቀነስባታል።

"እንግዳ ሲመጣ ምን ታደርጊያለሽ?"

"እነሣለሁ።"

"ስህተት። ውሃ ሲፈላስ?"

"እነሣለሁ።"

"አሁንም ስህተት። ባልሽ ከመንገድ ሲገባ?"

"ከእንቅልፌም ቢሆን እነሣለሁ" አለች ይርገዱ።

ልጅቷ ጠመኔውን አስቀመጠችና በሐዘን አየቻት። ክፍሉ ውስጥ ያሉት አስተማሪዎች ሁሉ ይችን መልስ ሊኮርጁ አጎንብሰው ነበር፤ ስህተት መሆኗን ሲያውቁ በላጲስ አጠፏት። በሩ አጠገብ ጤፉን ተሸክሞ የቆመው ዘውገ ግን ከእንቅልፏ ተነሥታ የከፈተችለትን በር ሁሉ አስታወሰ። አንዴም አመሰግናለሁ ብሏት አያውቅም። እንዴት እንደሚወዳት ያኔ እዚያ በር ላይ ቆሞ ነው ቁልጭ ብሎ የታየው፤ እንዲህ ያለ ነገር ለሰው የሚገለጠው ለምን ኩንታል ተሸክሞ እንደሆነ እንጃ።

ጤፉን ጣለና ዴስኩ ፊት በርከክ አለ። "ይርጌ፣ አፍሽን ክፈቺ።"

ይርገዱ አየችው። ያልገረማት ብቸኛ ሰው እሷ ነበረች። "አንተ በላህ?" አለችው።

"በልቻለሁ።"

"ምኑን በላኸው?"

"ግድየለሽም ክፈቺ።"

ከፈተች። ዘውገ እጁን ዘረጋ፤ ዴስኩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። እጁን ጨመረ፤ ዴስኩም ጨመረ። እጁ እየረዘመ በአስተማሪዎቹ ራስ ላይ አለፈ፣ በኋላ በር ወጣ፣ የስፖርት ሜዳውን አቋረጠ። ይርገዱ ከነዴስኳ አድማሱ ላይ ደርሳ አፏን እንደከፈተች ትጠብቀዋለች፤ ትዕግሥቷ ከዚያ ድረስ ይታያል። ስቴኪኒው ላይ ያለው ቋሊማ፣ በርታ፣ ትንሽ ነው የቀረህ ይለዋል። ከንፈሯን ሊነካት የጣት ያህል ሲቀረው አንድ ሰው ጉልበቱን ይዞ ነቀነቀው።

"ጋሽ ዘውገ፣ ስቴኪኒው አለቀ። ሌላ አለ?"

ዘውገ ዓይኑን ገለጠ። ፊቱ የቆመችው ሴት ግማሽ ራሷ በቀጭኑ ተሠርቷል፤ ግማሹ ጎፈሬ ሆኖ ቆሟል። አሁንም እዚያው ነኝ ብሎ ዓይኑን መልሶ ጨፈነ። ሴትዮዋ ደግማ ነቀነቀችው። የሦስተኛ ፎቋ አልጋነሽ ነበረች። ከኋላዋ ፀጉር ሠሪዋ ሚዶዋን እንደያዘች ቋሊማ ታኝካለች። ንጋቱ ጎሚስታው ግራሶ የጠጣ ቱታውን እንደለበሰ፣ የሶፋው ጨርቅ እንዳይቆሽሽ ብሎ ግድግዳ ተደግፎ ይበላል። እትዬ ዳሳሽ በፕላስቲክ ቦት ጫማቸው መሃል ቤት ቆመዋል። ደረጃው ላይ ሳይቀር ሰው አለ። ድስቱ ጠረጴዛ ላይ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ወደ ግማሽ ጎድሎ ይታያል። ገና አልመሸም።

ዘውገ፣ ግብዣው እኮ ነገ ነው አለ።

አንዱ አንዱን አየ። መጨረሻ ላይ እትዬ ዳሳሽ አጠገቡ መጡና ለሕፃን እንደሚናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ነገ ምንድን ነው፣ ዘውገ?"

"እሑድ ነዋ።"

"እሑድ ምን ይገባል?"

ዘውገ አሰበ። አውቶቡስ ሲነዳ ቀኑን ከነስሙ ያውቅ ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ግን ሰኞውም ሐሙሱም አንድ ሆኖበታል። ሐምሌ ዛሬ ያልቃል። ነገ ነሐሴ አንድ ነው። ፍልሰታ። በዚህ ሕንፃ ጡት የጣለ ሕፃን ሁሉ የሚጾማት ፍልሰታ። እና እሱ ለፍልሰታ መግቢያ አንድ ድስት ሙሉ ሥጋ ሲያበስል ውሏል። ጎረቤቱ ደግሞ ሥጋ ይሆናል ብሎ ለምን ይጠርጥር? ምስር ነው፣ ጎመን ነው፣ ከከፋም ሽሮ ነው ብለው አስበው ነበር። እሱም እሑድ ታያላችሁ ከማለት ሌላ ለማንም አልተነፈሰም።

ከጉድ ያወጣችው ይርገዱ ናት። ከእህቷ ቤት ስትመለስ ገና ደረጃው ላይ የሥጋ ሽታ ተቀበላት፤ ማንንም ሳትጠይቅ ነገሩ ገባት። ዘውገን አልቀሰቀሰችውም፤ ደክሞት ይሆናል አለች። ከታች እስከ ላይ በየበሩ እያንኳኳች፣ ግብዣው ዛሬ ነው፣ አሁን ነው፣ የለበሳችሁትን ለብሳችሁ ኑ ብላ ሰበሰበቻቸው። ያች ግማሽ ራስም እንዲሁ ነው የመጣችው።

ዘውገ የሚገባበት ጠፋው። ንጋቱ ሊያጽናናው ፈልጎ ነው መሰለኝ፣ አፉ እንደሞላ "የነገው ምሳ ግን እንዳለ ነው፣ አይደል?" አለ። ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዘውገን ዞሮ አየው። ዘውገ ምስር እንዴት እንደሚሠራ አያውቅም። ምስር የት እንደሚቀመጥም አያውቅም። አዎ አለ።

ከዚያ ይርገዱን አያት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ፣ ትሪ ይዛ ከኩሽና እየወጣች ነው። ብሉ እንጂ፣ በሞቴ፣ ምኑን በላችሁት እያለች ከሰው ሰው ትዞራለች። ለእሷ በተደገሰ ድግስ፣ እሱ ሶፋ ላይ ተኝቶ፣ እሷ ታስተናግዳለች።

ብድግ አለ። እግሩ ደንዝዞ ነበር፤ እያነከሰ ሄዶ ትሪውን ከእጇ ወሰደ። በልተሻል ወይ አላት።

"እስክትነሣ ነው የጠበቅሁት" አለችው።

"ቁጭ በይ።"

"እንግዳ ቆሞ?"

ዘውገ ትከሻዋን ይዞ ወደ ሶፋው ወሰዳት፤ ቅድም ተኝቶበት የሞቀው ቦታ ላይ ተቀመጠች። ኩሽናውን አየች፣ በሩን አየች፣ ከዚያ እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። ስቴኪኒ አልነበረም። ዘውገ መሪ ባደነደናቸው ጣቶቹ ከድስቱ አንድ ቋሊማ አወጣ፤ መረቁ እስከ እጅጌው ተንጠባጠበበት። ጎረቤቱ በይሉኝታ ጣራ ጣራውን አየ፤ እትዬ ዳሳሽ ብቻ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ተመለከቱ። ይርገዱ አፏን ከፈተች፤ አጎረሳት።

ብዙ አኘከች። ቤቱ በሙሉ ማኘክ አቁሞ ጠበቃት።

"አዋዜ ሳስተህበታል" አለችና አፏን ደግማ ከፈተች።